30 ሜትር ማለት 30 ሜትር አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ጋዜጣችሁን ሁልጊዜ አልገዛም። እውነቱን ልናገርና የማነበው አንዲት ባልደረባዬ ስታመጣው ከእጇ ነጥቄ ነው። ባለፈው ስለ ስጦታ ዕቃዎች ባወጣችሁት ገጽ ላይ ግን አንድ ነገር አየሁና ዝም ማለት አቃተኝ። ከአንዲት የሴት ሰዓት ፎቶ ሥር "እስከ 30 ሜትር ጥልቀት ውሃ ውስጥ መግባት ትችላለች" ይላል። ሰዓቷ ቆንጆ ናት፣ ምንም አይወጣላትም። የተጻፈላት ግን ልክ አይደለም። ይህን የምለው ፊዚክስ ስለማስተምር አይደለም፣ የማስተምረው አማርኛ ነው። የምለው በገዛ እጄ ላይ ስለደረሰ ነው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። እናንተ ሰፈሩን የምታውቁት ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ የሚነሳበት ስለሆነ ይሆናል። እኛ የምናውቀው በጭቃውና በውሃው ነው። ጭቃው ኮቲቻ ነው፤ ክረምት ላይ ጫማ ይዞ ያስቀራል። ውሃው ደግሞ በፈረቃ ነው፣ ብዙውን ጊዜ ሌሊት ይመጣል፣ አንዳንዴ 8 ሰዓት፣ አንዳንዴ 10 ሰዓት፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ለመውጣት ጉልበት ያገኘ ቀን ደግሞ ተመስገን ነው። ስለዚህ ቧንቧው ሲያጉረመርም ሰምቶ ከእንቅልፉ የሚነሳ አንድ ሰው በየቤቱ አለ፤ እኛ ቤት እኔ ነኝ። ጀሪካኖቹን አሰልፋለሁ፣ በርሜሉን እሞላለሁ፣ የተጠራቀመ ልብስ ካለ እዚያው እዘፈዝፋለሁ። ንጋት ድረስ እጄ ውሃ ውስጥ ነው። ከዚያ ታክሲ፣ ከዚያ ክፍል፣ ከዚያ ጠመኔ።

"ስልክ እያለሽ ሰዓት ምን ያደርግልሻል?" ይለኛል ባለቤቴ። እሱ ቢሮ ነው የሚውለው፣ አይፈረድበትም። እኔ ግን ተማሪዎቼን ስልክ አታውጡ እያልኩ ስቆጣ ውዬ፣ ራሴ ሰዓት ለማየት ስልክ ባወጣ ምን ይሉኛል? ታክሲ ውስጥስ? በተለይ መስኮት ጋ ተቀምጦ ስልክ ማውጣት ለነጣቂ ዕቃ እንደማቀበል ነው። ደግሞ እጅ በሳሙና አረፋ ተነክሮ ስልክ አይነካም። ክንድን ቀና አድርጎ ማየት ነው፣ አለቀ።

ያቃጠለችኝን ሰዓት የገዛኋት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ትንሽ፣ ክብ፣ ወርቅማ ቀለም የተቀባች፣ ቀይ የቆዳ ማሰሪያ ያላት። ሻጩን "ውሃ ታስገባለች?" ብዬ ጠየቅኩት። ገለበጣትና ጀርባዋን አሳየኝ።

"ይኸው እህቴ፣ 30 ሜትር ይላል። ብትፈልጊ ዋኚባት። 30 ሜትር እኮ የአሥር ፎቅ ቁመት ነው!"

አሥር ፎቅ! የኛ ብሎክ እንኳ አራት ፎቅ ነው። ከፍዬ ወጣሁ።

ዓመት ከምናምን ምንም አልሆነችም፤ ይህንን ደብቄ ሰዓቷን ብቻ ብወቅስ ግፍ ነው። በኋላ ባትሪዋ አለቀና መንገድ ዳር ሰዓት ከሚሠራ ልጅ ዘንድ ወሰድኳት። በቢላዋ ጫፍ ፈልቅቆ ከፈታት፣ ባትሪዋን ለወጠ፣ ክዳኑን በአውራ ጣቱ ጫን አድርጎ ቀጭ አደረጋት። ሁለት ደቂቃ አልፈጀበትም። ፍጥነቱን አድንቄ ጉርሻ ሁሉ ጨመርኩለት።

ሰኔ ገባ። የማጠቃለያ ፈተና ሰሞን ነው። አንድ ሌሊት ውሃው መጥቶ እንደለመድኩት ስቀዳና ስዘፈዝፍ አነጋሁ። ጠዋት ታክሲ ውስጥ ሳያት ከመስታወቱ ሥር፣ 6 ቁጥር አጠገብ፣ የእንባ ዘለላ የምታህል ጤዛ ተቀምጣለች። ፀሐይ ሲነካት ትደርቃለች ብዬ ተውኳት። በሰኔ ምን ፀሐይ አለና!

ፈተናው 3 ሰዓት ተጀምሮ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃል። እኔ ደግሞ ልጆቹ እንዳይደናገጡ የቀረውን ጊዜ ሰሌዳ ላይ እጽፍላቸዋለሁ። መስታወቱ ቀስ በቀስ ጉም ለበሰ። ጠቋሚዎቹ የሚታዩኝ እጄን ወደ መስኮቱ ሳዞር ብቻ ነው። "30 ደቂቃ ይቀራችኋል" ብዬ ጻፍኩ። ክፍሉን አንድ ዙር ዞሬ ሳይ 30 ደቂቃ ይቀራል። አንዱን ልጅ ከጎረቤቱ ወረቀት ላይ አንገቱን አስመልሼ፣ እስክሪብቶ ለጨረሰች እስክሪብቶ ሰጥቼ መጥቼ ሳይ፣ አሁንም 30 ደቂቃ። ከፊት የተቀመጠች አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ሰዓቱ አልደረሰም እንዴ?" ተናግራ ሳትጨርስ ደወሉ ተደወለ። ግማሹ ክፍል ድርሰቱን አልጀመረውም። ጊዜ አላችሁ ያልኳቸው እኔ ነኝ! ርዕሰ መምህሩን ለምኜ 15 ደቂቃ አስጨመርኩላቸው፤ ፊቴ እንዴት እንደነደደ ግን እኔ ነኝ የማውቀው። ሰዓቷ ልክ 4 ሰዓት ላይ ቆማ ቀረች።

በማግስቱ ቃሊቲ፣ ጃንጥላ ዘርግተው የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ሰዓት ሰሪ ዘንድ ሄድኩ። ያቺን ጥቁር ማጉያ ዓይናቸው ላይ ሰክተው ከፈቷትና ሳቁ።

"ማነው የከፈታት የኔ ልጅ?"

"መንገድ ላይ የሚሠራ ልጅ ነው አባባ።"

"ጎማዋን በልቷታል።"

በወረንጦ አንስተው አሳዩኝ። ከስፌት ክር ብዙም የማትወፍር ጥቁር ቀለበት ናት። ልጁ ሲዘጋ ከቦታዋ ሸርተት ብላ ስለነበር ክዳኑ ነክሶ በጥሷታል። ባትሪው ዙሪያ አረንጓዴ ዝገት ጀማምሯል። "30 ሜትር ይላል እኮ አባባ" አልኳቸው፣ እሳቸው የሠሯት ይመስል። "30 ሜትሩ የተጻፈው ክዳኑ ላይ ነው፤ ውሃውን የምትከለክለው ግን ይቺ ናት" አሉኝ፣ ብጣሿን ቀለበት ወረንጦው ላይ እንዳንጠለጠሉ።

ከዚያ አንድ ነገር ሲሠሩ አየሁ። የሌላ ደንበኛ ሰዓት ገና መዝጋታቸው ነበር። ትኩስ ሻይ ያለበትን ብርጭቆ በማስቀመጫው ከደኑትና ሰዓቱን ፊቱን ወደ ላይ አድርገው እላዩ ላይ አስቀመጡት። እያወራን ትንሽ ቆየን። ሰዓቱ ሲሞቅ በጣታቸው ጫፍ አንዲት ጠብታ ቀዝቃዛ ውሃ መስታወቱ ላይ ጣሉ። ቆይተው በጨርቅ ጠረጉትና ወደ ብርሃን አዘንብለው አዩት። "ጉም ካለ ውስጡ እርጥበት አለ ማለት ነው። ይሄ ንጹህ ነው" አሉ። ሻያቸውንም ጠጡ።

እቤት ገብቼ ነገሩን ማንበብ ጀመርኩ። ተናድጄ ስለነበር ብዙ አነበብኩ። መጀመሪያ ያስገረመኝ የሻይ ብርጭቆው ነገር ነው። ለካ ውሃ የሚቋቋሙ ሰዓቶች የሚፈተኑበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አለ፣ አይኤስኦ 22810 ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ። እዚያ ውስጥ ካሉት ፈተናዎች አንዱ ሽማግሌው ያደረጉት ራሱ ነው፤ ልዩነቱ በሻይ ፋንታ ከ40 እስከ 45 ዲግሪ የሚሞቅ ብረት መኖሩ ነው። ሰዓቱ ይሞቃል፣ ቀዝቃዛ ጠብታ መስታወቱ ላይ ይደረጋል፣ ከደቂቃ በኋላ ተጠርጎ ከውስጥ ጉም መኖር አለመኖሩ ይታያል።

አሁን ወደ 30 ሜትሩ ልምጣ፣ የጻፍኩላችሁ ለእሱ ነውና። ቁጥሩ የግፊት መለኪያ ነው። ውሃ ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ በ1 ባር ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ሰዓት ላይ 30 ሜትር፣ አንዳንዱ ላይ 3 ባር ተጽፎ ብታዩ ያው ነው። ፋብሪካው አዲሱን ሰዓት፣ ጎማው ሳያረጅ፣ ማንም ሳይከፍተው፣ ሳይወዛወዝ እንደተቀመጠ ያንን ግፊት ለ10 ደቂቃ ያሳርፍበታል። በዚያ ላይ ይህ ደረጃ እያንዳንዱ ሰዓት ተራ በተራ ይፈተን አይልም፤ ከመካከል ናሙና መውሰድ ይፈቅዳል። አንድ በአንድ የሚፈተኑት የጠላቂዎች ሰዓቶች ናቸው። የእነሱ ደረጃ ሌላ ነው፣ አይኤስኦ 6425 ይባላል፤ ጀርባው ላይ ከተጻፈው ግፊት ሩብ ያህል ተጨምሮ ነው የሚፈተኑት።

የኔ እጅ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ይዘፈዝፋል፣ ያሻል፣ ይጨምቃል፣ ምጣድ ሲከፈት እንፋሎት ይመታዋል፣ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ይነካል። ሙቀት ጎማውን ይለጥጣል፣ ቅዝቃዜ ይኮማትረዋል፣ ሳሙና ያደርቀዋል፣ ዕድሜ ይሰነጥቀዋል። ለዚህ ነው የሰዓት አምራቾቹ ራሳቸው መመሪያቸው ላይ ትሑት የሚሆኑት። 30 ሜትር ለሚሉት የሚፈቅዱት እጅ መታጠብና ካፊያን ነው፣ ዋናን አይደለም። 50 ሜትር ውሃ ለሚበዛበት የቤት ሥራ ይሆናል። ልትዋኝ ነው? 100 ሜትር ትግዛ። 200 ደግሞ ከዚያ ለባሰ ነው። ልብስ አጣቢዋም ብትሆን 100 ብታደርገው ነው የምለው፤ ጎማው ሲያረጅም ትንሽ ትርፍ ይኖራታል።

እዚህ ላይ የአማርኛ መምህርነቴ ይነሳብኛል። አምራቾቹ ሰዓቱ ላይ የሚጽፉት "ውሃ የሚቋቋም" የሚል ነው። "ውሃ የማያስገባ" የሚለውን ቃል ሆን ብለው ትተውታል። እኛ ስንተረጉመው ግን ሁሉንም "ውሃ አያስገባም" እንለዋለን፤ ሻጩም፣ እናንተም፣ እኔም ያን ቀን። መቋቋም ማለት እኮ እስከሚሸነፉ ድረስ ነው።

ሌላው የሚያበሳጨኝ የመጠን ነገር ነው። ሱቅ ሄዳችሁ የሴት ሰዓት ስጡኝ በሉ። የሚወጣላችሁ ትንሿ፣ ፈርጥ ያላት፣ ወርቅ የተቀባች፣ 30 ሜትር ናት፤ አንዳንዷ ጭራሽ ምንም አልተጻፈባትም። ውሃ የሚችል ስጡኝ ስትሉ ደግሞ የድስት ክዳን የሚያህል የወንድ ሰዓት ይወጣል። ያንን አስሬ ሹራቤን መልበስ አልችልም፣ እጅጌው አያልፍም። ታክሲ ውስጥም ከሦስት ወንበር ኋላ ይታያል። ውሃ የምትነካ ሴት ትልቅ ክንድ ይኑራት የተባለ ይመስል። ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1927፣ ሮሌክስ ኦይስተር የተባለው ሰዓት ውሃ እንደሚችል ለዓለም ያሳየችው እኮ ሴት ናት። መርሴዲስ ግላይትዝ የምትባል፣ ለንደን ውስጥ በጽሕፈት ሥራ የምትተዳደር ዋናተኛ፣ እንግሊዝንና ፈረንሳይን የሚለየውን የባሕር ወሽመጥ ለመሻገር ስትገባ ሰዓቷን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ነበር። ያን ቀን ብርዱ አሸንፏት ሳትሻገር ከውሃው ወጣች። ሰዓቷ ግን ትሠራ ነበር።

ትንሽ ሰዓት ስትመርጡ በዓይን አትገምቱ። እኔ ክር ወስጄ የእጄን አንጓ ዙሪያ ለካሁ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ለእንደኔ ዓይነቱ አንጓ 36 ሚሊ ሜትር አካባቢ የሆነ ፊት ይበቃል። ከፊቱ ስፋት ይልቅ ግን የሚያታልለው ቁመቱ ነው፣ ማለትም ማሰሪያው ከላይ ከተያያዘበት ጫፍ ከታች እስከተያያዘበት ጫፍ ያለው። ሁለቱ ጫፎች ከአንጓችሁ ጠፍጣፋ ክፍል ከወጡ ሰዓቱ እጃችሁ ላይ እንደ ድልድይ ይቀመጣል፤ በሥሩ ውሃም ሳሙናም ይከማቻል፣ ቆዳም ያሳክካል። ውፍረቱስ? ከ10 ሚሊ ሜትር ብዙ ካላለፈ ሹራብ እጅጌ ይቀበለዋል።

ማሰሪያውን በተመለከተ ብዙ አልልም። ቆዳ እንደኔ ላለ ሰው አይሆንም፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ይሸታል። ቀለም የተቀባ ብረት ይላላጣል። ላስቲክ ወይም ፕላስቲክ ይሻላል፣ ዕቃ አጥባችሁ ስትጨርሱ አብሮ ይታጠባል። ብቻ ሲበጠስ የሚቀየር መሆኑን አስቀድማችሁ ጠይቁ። አንዳንዱ ማሰሪያው ከሰዓቱ ጋር ልዩ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ሰዓቱ እየሠራ ማሰሪያ አጥቶ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

አሁን ደግሞ የትም ቦታ ተጽፎ ያላየሁት፣ እኛን ብቻ የሚመለከት ነገር። መሙያው፣ ያቺ በጎን ያለች ጉጥ፣ የሰዓቱ በር ናት። ወደ ውጭ በተሳበች ቁጥር በሩ ይከፈታል፣ ጎማዋም ይፋቃል። ቀን የሚያሳይ ባለ ጠቋሚ ሰዓት እስከ 31 ነው የሚቆጥረው። የኛ ወር 30 ቀን ነው። ስለዚህ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ላስኪደው ያለ ሰው 30 ባለቀ ቁጥር መሙያዋን ስቦ 31ን ማዝለል አለበት፣ ጳጉሜን ሲመጣ ደግሞ ከ5 ወይም ከ6 ወደ 1 መመለስ አለበት። በዓመት 13 ጊዜ በሩን ይከፍታል ማለት ነው። አንድ ቀን ታክሲ ሲጠራው በደንብ ሳይገፋት ይሄዳል፣ ማታ እጁን ይታጠባል፣ አለቀለት። አንድ ባልደረባዬ ልክ እንደዚህ ሆኗል፣ ያውም በመስከረም 1። እኔ አሁን ሰዓቴ ላይ ያለውን ቀን እንደፈለገ ይቁጠር ብዬ ትቼዋለሁ። ቀን ከፈለግኩ ግድግዳው ላይ ካላንደር አለ።

ዲጂታል ለሚያስር ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። በኛ ሰዓት ስታስተካክሉት ንጋቱ 12 ሰዓት እንዲሆን፣ ማታውም 12 ሰዓት እንዲሆን ማድረግ ብቻ አይበቃም። ቀን ላይ ፒኤም የሚል ምልክት ካሳየ ተገልብጧል ማለት ነው፤ ያኔ ቀኑ የሚለወጠው ማታ 12 ሰዓት ላይ ይሆናል። ፒኤም ሌሊቱን እንዲያሳይ አድርጋችሁ ከሞላችሁት ቀኑ ንጋት 12 ሰዓት ላይ ይለወጣል። ልጄ ይህን እስኪገባው ድረስ ለሦስት ቀን ረቡዕን ሐሙስ እያለ ሲከራከረኝ ነበር።

የልጄ ሰዓት ያቺ ሁሉም የሚያውቃት ካሲዮ ኤፍ 91 ደብሊው ናት። እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣች፣ እስከ ዛሬ ያልተለወጠች። ክብደቷ 21 ግራም ነው፣ ውፍረቷ 8.5 ሚሊ ሜትር፣ ባትሪዋ ሰባት ዓመት ገደማ ይሄዳል ይላሉ። ለትንሽነት እሷን የሚያክል የለም፣ እጅ ላይ መኖሯም ይረሳል። ግን ፊቷ ላይ ውሃ ትቋቋማለች ይላል እንጂ ስንት ሜትር እንደሆነ አይልም። ቁጥር ከሌለ እጅ ለመታጠብና ለዝናብ ነው ብላችሁ ውሰዱት። መብራቷም ከመብራት አይቆጠርም፣ አንዷን ጥግ አረንጓዴ ታደርጋለች፣ በቃ። ፎርጅዷ ስለበዛ ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ፦ በስተቀኝ ያለችውን ቁልፍ ሦስት ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ያዙ፣ ኦሪጅናሏ በሰዓቱ ፋንታ የድርጅቱን ስም ትጽፋለች። ካልጻፈች መልሱላቸው።

ጠንካራ ሰዓት ሲባል ሰው ሁሉ ጂ ሾክ ይላል። እውነት ነው፣ ጠንካራ ነው። ኪኩዎ ኢቤ የሚባል የካሲዮ መሐንዲስ አባቱ የሰጠው ሰዓት ወድቆ ስለተሰበረበት ነው የጀመረው፤ ከ10 ሜትር ወድቆ የማይሰበር፣ 10 ባር የሚችል፣ ባትሪው 10 ዓመት የሚቆይ ሰዓት እሠራለሁ ብሎ ተነሳ፣ የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ1983 ወጣ። ግን እኔ ላይ ሲታሰር የልጅ እጅ ላይ የታሰረ የአባት ሰዓት ይመስላል። የሴቶቹ፣ ቤቢ ጂ የሚባሉት፣ እ.ኤ.አ. በ1994 ነው የመጡት፤ አነስ ይላሉ፣ አብዛኞቹም 100 ሜትር ናቸው። ዋጋቸውን ጠይቄ ዝም ብዬ ወጣሁ።

እኔ በመጨረሻ ያገኘኋት ከሁለቱ መካከል ናት። ያቺው ካሲዮ፣ ፕላስቲክ፣ ባለ ጠቋሚ፣ ቁጥሮቿ ትልልቅ፣ ጀርባዋ ላይ 10 ባር የሚል። ስድስት ሱቅ ዞሬ ነው ያገኘኋት። አምስቱ "እንደሱ ያለ የሴት የለም" ብለውኛል፤ ስድስተኛው ከልጆች ሰዓት ጋር ደባልቆ አስቀምጧት ነበር። አታምርም። ሠርግ ላይ አላስራትም። ሌሊት መብራት ሲጠፋም ጠቋሚዎቿ አይታዩኝም፣ ቀለሙ ብርሃን ይዞ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ይሄ ያስቆጨኛል። ነገር ግን ዙሪያዋ የሚዞር ቀለበት አላት። ፈተና ሲጀመር ምልክቱን ደቂቃ ጠቋሚው ላይ አድርጌ እተዋለሁ፣ ስንት ደቂቃ እንዳለፈ በአንድ እይታ ይታየኛል። አንድ ክረምት አለፈች፤ ሌሊት ሌሊት በርሜል ውስጥ አብራኝ ትገባለች።

ታናሽ ወንድሜ የኔን ታሪክ ሰምቶ ሲስቅ ከርሞ እሱም ገባበት። 50 ሜትር የሚል ሰዓቱን አስሮ ሶደሬ ሄደ፣ ፍል ውሃው ውስጥ ገባ፣ እዚያ ሆኖ ሰዓቱን ለማስተካከል ቁልፎቹን ተጫነ። ሙቀቱ አንድ፣ ቁልፍ መጫኑ ሁለት። ሰዓት ከሞቀ ውሃ ጋር አይስማማም፣ ውሃ ውስጥ ሆኖም ቁልፍ አይነካም። ስልክ ደውሎልኝ "እህት ዓለም፣ ጉም ገባበት" ሲለኝ ሩዝ ውስጥ እንዳይከተው፣ በቶሎ አስከፍቶ እንዲያስደርቀው ነገርኩት። እስኪመለስ ቆይቶ ነው መሰለኝ አልዳነም።

ባትሪ ስታስቀይሩ እንግዲህ "ጎማዋን እያት፣ ካረጀች ቀይራት" በሉ። ብዙዎቹ አላቸው፤ የማይነግሯችሁ ስላልጠየቃችሁ ነው። ቃሊቲ ያሉት አባባ አዲሷን ጎማ ከማስገባታቸው በፊት አንድ ቅባት በጣታቸው ይቀቧታል፣ ሲዘጋ እንዳትሸራተትና እንዳትደርቅ። ለዚያ የጠየቁኝ ከባትሪው ዋጋ ያነሰ ነው።

ከእናንተ የምፈልገው ብዙ አይደለም። ያቺን ከፎቶው ሥር ያለችውን አንዲት መስመር አስተካክሉልኝ። "30 ሜትር ጥልቀት" የሚለውን አውጥታችሁ "ለእጅ መታጠብና ለካፊያ" ብትሉበት ይበቃል። ባልደረባዬ ያን ገጽ ቀድዳ ለእናቷ ስጦታ ልትገዛ ነው፤ እናቷ ገላን ነው የሚኖሩት፣ የእሳቸውም ውሃ ሌሊት ነው የሚመጣው። እስከ ደመወዝ ድረስ አስታግሻታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
አንዲት መምህርት፣ ከቱሉ ዲምቱ